ኮሮላ ከዓርብ እስከ ሰኞ ቆማ ባትሪዋ ያልቃል፤ የሚበላው የቱ ነው? (ደብረ ብርሃን)

ደብረብርሃን_ኮሮላ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ የ2007 ሞዴል፣ ቤንዚን ናት። ባትሪዋ ባለ 45 አምፔር፣ ከተገዛ 4 ወሩ። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ቆማ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ጠቅ ይልና ዝም። በየቀኑ ከሠራች ግን ጠዋት ከበድ ቢላትም ትነሳለች። በቴስተር የለካሁት ይሄ ነው፦ ዓርብ ማታ ሞተር ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ 12.6 ቮልት፣ ሰኞ ጠዋት 11.9፣ ሞተር እየሠራ 14.2። ቴፑና ስፒከሮቹ ከፋብሪካ የመጡት አይደሉም፤ አላርምም በኋላ የተገጠመ ነው። ባትሪ ቀይር ተብያለሁ፤ ከመቀየሬ በፊት የሚበላውን ማግኘት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ሽቦ_አንባቢ
አትቀይር። ቁጥር ይዘህ ስለመጣህ ገና ኮፈን ሳይከፈት ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል።

14.2 ማለት ዲናሞው ቻርጅ እያደረገ ነው ማለት ነው፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ደህና ነው። ያረፈ ባትሪ 12.6 ካለ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ። 11.9 ላይ ስታገኘው ከሩብም በታች ወርዷል። ከ45ቱ 34 አምፔር ሰዓት ያህል ሄዷል ብለን እንያዝ። የቆመችው 60 ሰዓት ነው። 34ን ለ60 ስታካፍለው 0.57 አምፔር ይመጣል። ጤነኛ መኪና ቆማ የምትወስደው ከ0.02 እስከ 0.05 አምፔር ነው፤ በ0.05 እንኳ ቢሆን በ60 ሰዓት የሚሄደው 3 አምፔር ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ልዩነቱ አይታወቅህም ነበር።

ይህ ሂሳብ የምትፈልገውን ነገር መጠን ይነግርሃል። የፍሬን መብራት በርቶ ቢቀር ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል 3.5 አምፔር ስለሚወስዱ ባትሪው አንድ ሌሊት አይደርስም ነበር። ባለ 5 ዋት አምፖል 0.42 አምፔር ነው። ስለዚህ ያንተ ሌባ የአንዲት ትንሽ አምፖል ወይም የማይተኛ መሣሪያ ያህል ነው፦ የጓንት ሳጥን መብራት፣ የኋላ ኮፈን መብራት፣ አምፕሊፋየር (የስፒከሮቹ ድምፅ ማጉያ)፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ወይም የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው)።

ሂሳቡ ግን ባትሪው እውነትም 45 ይይዛል ብሎ ነው የሚነሳው። በተደጋጋሚ ባዶ የወረደ ባትሪ ከዚያ ያነሰ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውን ለብቻው ፈትነው፦ በቻርጀር ሙሉ አስሞላው፣ ኔጋቲቩን ፍታ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ተወው። ሰኞ 12.5 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ባትሪው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ መኪናዋ ላይ ነው። ምንም ሳይታሰርበት 12.2 ከወረደ ግን ሌላውን ፍለጋ ተወው።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
ጋሼ ሽቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪውን ለብቻው በዚህ ሳምንት መጨረሻ እፈትነዋለሁ። አምፔሩን ራሱን በቴስተር ለመለካት ከፈለግሁ እንዴት እንደምይዘው ይንገሩኝ፤ ባለፈው ስሞክር የቴስተሩ ፊውዝ ተቃጠለ።

ሽቦ_አንባቢ
ፊውዙ የተቃጠለው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው። ወይ ቀዩን ሽቦ ሚሊአምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ከተህ ነበር፣ ወይ ቴስተሩ በመሐል ታስሮ ሳለ በር ተከፍቷል ወይም ቁልፍ ዞሯል። ኮምፒውተሮቹ ሲነቁ ለአፍታ ብዙ አምፔር ይስባሉ። ሞተር ለማስነሳት ከተሞከረማ ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ስለሚጎትት ቴስተሩ ራሱ ይሄዳል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ኮፈኑን ክፈትና እንደተከፈተ ተወው። የሾፌሩን በር ከፍተህ የበሩን ቁልፍ ምላስ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገህ እንደተዘጋ አድርገው፤ መኪናዋ በሩ ተዘግቷል ብላ ታስባለች፣ አንተ ግን የፊውዝ ሳጥኑ ጋ መድረስ ትችላለህ። ስትጨርስ እጀታውን ስበህ ምላሱን መልሰው፣ አለዚያ በሩን ስትዘጋው ትሰብረዋለህ። ቁልፉን ከመኪናዋ አውጣ። የአላርሙ ሪሞት ካለ እንደወትሮው ቆልፍ፣ ምክንያቱም የምንለካው ሌሊት የምትሆነውን ነው።

አሁን ቀዩን የቴስተር ሽቦ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ክተት። መምረጫውንም ወደ ቀጥታ (DC) አምፔር አዙር። ኔጋቲቩን ከመፍታትህ በፊት ግን አንድ ድልድይ ሽቦ አዘጋጅ፦ ሁለት ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ። አንዱን ጫፍ በኔጋቲቩ ራስ ላይ፣ ሌላውን በኔጋቲቩ ገመድ ማሰሪያ ላይ ቆንጥጥ። ከዚያ የ10 መፍቻ ይዘህ ማሰሪያውን አላላና ከራሱ ላይ አንሳው። ኤሌክትሪኩ በድልድዩ በኩል ስለሚያልፍ መኪናዋ ምንም አታውቅም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከድልድዩ ጎን ለጎን እሰር፣ አጥብቀህ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቅ። በመጨረሻ ድልድዩን ብቻ አንሳ። ያኔ ቴስተሩ ላይ የሚታየው የተኛችው መኪና አምፔር ነው።

ይቺ የ40 ደቂቃ ነገር ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ገና ቁልፍ እንደወጣ ብትለካ 1 ወይም 2 አምፔር ታገኝና ትደነግጣለህ፤ መሣሪያዎቹ ገና አልተኙም።

ስትጨርስ ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሰው፣ በዚያው ደቂቃ። ነገ ባትሪ ልለካ ብለህ አምፔሩ ላይ እንዳለ ሁለቱን ራስ ብትነካ ቀጥታ ሾርት ነው።

የሸኖ_ልጅ
ይሄ ሁሉ ቴስተር ለምን? ሞተሩ እየሠራ ኔጋቲቩን ማንሳት ነው፤ ከጠፋች ዲናሞው ነው፣ ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው። በየጋራዡ የሚደረገው ይሄው ነው።

ሽቦ_አንባቢ
ወንድሜ፣ ይህን እባክህ ተው፤ ሌላም ሰው አንብቦ እንዳይሞክረው። ባትሪው የዲናሞውን ቮልቴጅ እንደ ትራስ ሆኖ የሚይዝ ነው። ሞተር እየሠራ ባትሪውን ስታነሳው ቮልቴጁ ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል፣ ያ ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር፣ የዲናሞውን ሬጉሌተርና ዳዮዶቹን ያቃጥላል። ኮምፒውተር በሌለው አሮጌ ላንድሮቨር ጊዜ የተለመደ ነገር ነው፣ ለኮሮላና ለቪትዝ ግን ውድ ፈተና ነው። ደግሞም ጥያቄውን አይመልስም። ዳዮዱ የሚያፈስ ዲናሞ ቻርጅ እያደረገ ሌሊት መልሶ ሊጠጣ ይችላል፤ ሞተር ሲሠራ 14.2 መሆኑ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

የዲናሞውን ዳዮድ የምትፈትነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሞተር እየሠራ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ ቴስተሩን ተለዋዋጭ (AC) ቮልት ላይ አድርገህ ባትሪው ላይ ለካ። ከ0.5 በላይ ከሆነ ዳዮድ ጠርጥር። ሁለተኛውና እርግጠኛው፣ ሞተር ጠፍቶ አምፔር እየለካህ ሳለ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ መፍታት ነው። ያ ገመድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ሁሌ የተገናኘ ስለሆነ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍታ፣ ከዚያ የዲናሞውን ነት ፍታና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልል፣ ከዚያ ኔጋቲቩን በቴስተሩ በኩል መልስ። አምፔሩ ከወደቀ አገኘኸው። ቴስተር ለሌለው ደግሞ እጅ አለ፦ ደብረ ብርሃን በኅዳር ውርጭ፣ ንጋት ላይ፣ መስታወቱ አመዳይ ለብሶ፣ የሞተሩ ብረት ጣት እያቆረፈደ ዲናሞው ለብ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ አድሯል።

ቀይ_ፒንሳ
ጋሼ ሽቦ ያሉት ላይ ስለ ፊውዝ ልጨምር። ጠያቂው ፊውዝ አንድ በአንድ ለመንቀል እንዳያስብ። ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፣ ችግሩ ግን ፊውዝ ስትነቅልና ስትመልስ የተኛውን ኮምፒውተር ትቀሰቅሰዋለህ፣ አምፔሩ ይዘላል፣ እንደገና 40 ደቂቃ ትጠብቃለህ። አንዳንዴም የተነቀለው መሣሪያ ሲመለስ በደንብ ይተኛና ሌባው ይጠፋል፤ በሳምንቱ ይመለሳል።

ሳይነቅሉ መለካት ይቻላል። የቢላ ፊውዝ ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉት። ቴስተሩን ቀጥታ ሚሊቮልት ላይ፣ 200 በሚለው፣ አድርገህ ሁለቱን ጫፍ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ጫን። ፊውዝ ራሱ ትንሽ ተቃውሞ ስላለው ኤሌክትሪክ ካለፈበት ጥቂት ሚሊቮልት ይታያል። 0.0 ካለ በዚያ መስመር የሚሄድ ነገር የለም፣ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ትንሿ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ማለት 0.13 አምፔር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 0.5 አምፔር ቢኖር 4 ሚሊቮልት ያህል ታያለህ። ባለ 20 አምፔሯ ላይ ደግሞ ወፍራም ስለሆነች ያው 0.5 አምፔር 2 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቁጥሩን ከፊውዙ መጠን ጋር አንብበው። የ0.1 ወይም የ0.2 ሚሊቮልት ንባብ የሰዓትና የማስታወሻ ምግብ ነው፣ ተወው።

ኮሮላ ላይ ሁለት ሳጥን ነው፦ አንዱ ኮፈኑ ሥር ባትሪው አጠገብ፣ ሌላው ከሾፌሩ ክሩስኮት ሥር። ሁለቱንም ጨርስ። ለእያንዳንዱ ፊውዝ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍ፣ በቃልህ አትያዝ።

ሪሌዎቹንም (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዘው ትልቁን የሚያበሩና የሚያጠፉ ስዊቾች) በጣት ንካ። ምንም ባልበራበት ሪሌ ከሞቀ ወይ ምላሱ ተጣብቋል፣ ወይ ከላይ የሚያዘው ስዊች አልጠፋም። በናፍጣ ሃይሉክስ ላይ የካንዴሌታው (ከማስነሳት በፊት ሞተሩን የሚያሞቀው) ሪሌ ሲጣበቅ የሚያደርገው ከባድ ነው፤ አንድ ካንዴሌታ ከ8 እስከ 10 አምፔር ስለሚወስድ አራቱ ባለ 70 አምፔር ባትሪ በሁለት ሰዓት ባዶ ያደርጉታል፣ ራሳቸውም ይቃጠላሉ።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
ቀይ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የሚለካ ሳይሆን በዓይን የሚታይ ነገር ካለ ደግሞ ከዚያ በፊት ልጨርሰው።

ቀይ_ፒንሳ
አለ። ማታ ጨለማ ውስጥ መኪናዋን ዞረህ እያት፣ በተለይ ከኋላ። የፍሬን ፔዳሉ ሥር ምንጣፉ ላይ የተፈረፈረች ፕላስቲክ ካገኘህ የፍሬን ስዊቹን የምትጫነዋ ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራለች ማለት ነው። ከመቆየት ብዛት ትደርቅና ትሰባበራለች፣ የስዊቹ ጫፍ በባዶ ቀዳዳ ይገባል፣ የፍሬን መብራት አይጠፋም። ያንተ ሂሳብ ይህን አይመስልም፣ ግን ማየቱ አንድ ደቂቃ ነው። ለጓንት ሳጥኑና ለኋላ ኮፈኑ ደግሞ ስልክህን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስገብተህ ዝጋው። ሲዘጋ ምስሉ ካልጨለመ መብራቱ አልጠፋም።

ከጣርማበር ጉም ወጥተው ደብረ ሲና ለምሳ የሚያቆሙ ሰዎችም ይህን ልብ ቢሉ። ጉሙ ውስጥ የበራ የመኪና መብራት ፀሐይ ላይ አይታይም። የማቆሚያ መብራቱ ብቻ፣ አራቱ ማዕዘንና ሁለቱ የታርጋ፣ ባለ 5 ዋት ስድስት አምፖል 2.5 አምፔር ነው። ምሳ አይገድለውም፣ አዳር ግን ይገድለዋል።

ባትሪ_ሮቢት
ከታች ከሸዋ ሮቢት ልናገር። እዚህ ቆላ ነው፣ 1,300 ሜትር ገደማ፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ። አንድ መኪና በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ባትሪው ሁለት ዓይነት ጉዳት ያገኘዋል። ሙቀቱ ውሃውን ያተንነዋል፣ ሳህኖቹን ያስረጃል፣ ቆሞ ራሱን የሚያራግፍበትንም ፍጥነት ይጨምራል። ብርዱ ደግሞ የደከመውን ያጋልጣል፤ 0 ዲግሪ አካባቢ ባትሪ የማስነሻ ጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል፣ ዘይቱም ወፍሮ ሞተሩ ሲከብድ ሞተሪኖው የበለጠ ይጠይቃል። ሮቢት ላይ ሲያስነሳ የነበረ 12.1 ቮልት ደብረ ብርሃን ላይ ጠቅ ብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። የገደለው ቆላው ነው፣ የሚወቀሰው ግን ደጋው።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ በየወሩ ስድስቱንም ክፈትና እይ። ውሃው ከሳህኖቹ በላይ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም የምንጭም አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም። አሲድ ጨምሮ ማጠንከር የሚባለው ስህተት ነው፣ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። የአሲድ መለኪያው ሙሉ ሲሆን 1.265 እና ከዚያ ከፍ ይላል፣ 1.19 አካባቢ ግማሽ ነው። አምስቱ ቤት (ከየክዳኑ ሥር ያለው ክፍል) 1.26 ሆነው አንዱ 1.15 ካለ ያ ቤት ሞቷል፣ ባትሪው ይቀየር፣ ሌላ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም።

የባትሪው ጀርባም ራሱ ሌባ ይሆናል። አቧራና የአሲድ እርጥበት ተቀላቅሎ ከራስ ወደ ራስ ይመራል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፕላስቲክ ክዳን ላይ አድርገህ አንሸራትተው፤ ግማሽ ቮልት እንኳ ካሳየህ መታጠብ አለበት። ክዳኖቹን አጥብቀህ፣ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ በብሩሽ እጠበው፣ አረፋው እስኪያቆም። ራሶቹ ላይ የሚበቅለውን ነጭና አረንጓዴ ነገር በዚያው አጥበህ፣ አድርቀህ፣ አጥብቀህ አስረህ፣ ላዩን ግሪስ ቀባው። ግሪሱን ከማሰርህ በፊት አይደለም።

የሸኖ_ልጅ
ስለ ባትሪ ማንሳቱ ተቀብያለሁ፤ ጋሼ ሽቦ ስላስረዱ አመሰግናለሁ። ታዲያ ሌባው እስኪገኝ ማታ ማታ ኔጋቲቩን ፈትቶ ማደርስ? ሞተር ጠፍቶ ማለቴ ነው።

ሽቦ_አንባቢ
ሞተር ጠፍቶ ከሆነ ጉዳት የለውም፣ ለጊዜው ይረዳል። የምታጣው ሰዓቱን፣ የቴፑን ማስታወሻ፣ የመስታወቱን ራሱን የመዝጋት ትዕዛዝ ነው፤ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ሲሠራ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ መልሶ ይማራል። ቴፑ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን ሳትይዝ አትፍታ። ግን በየቀኑ የሚፈታ የሚታሰር ማሰሪያ ይላላል፣ የላላ ማሰሪያ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ለሁለት ሳምንት እንጂ ለዓመት አታድርገው።

ኢሱዙ_መሐልሜዳ
እናንተ ሰዎች፣ የኔ ኢሱዙ ናት፣ 24 ቮልት። ሁለት ባለ 100 አምፔር ባትሪ። የሚያልቀው ሁልጊዜ አንደኛው ብቻ ነው፣ ያኛው ደግሞ ውሃ ይጨርሳል። ሁለቱም አንድ ቀን የተገዙ ናቸው። ቴፑና የስልክ ቻርጀሩ 12 ቮልት ናቸው።

ቀይ_ፒንሳ
መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ቴፑ 12 ቮልቱን የሚያገኘው ከአንደኛው ባትሪ ላይ ተቀንጥቦ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩ ሻንሲ ላይ ከታሰረው። ያ ባትሪ ለብቻው ይጠጣል። ዲናሞው ግን ሁለቱን የሚያየው እንደ አንድ ነው፣ ድምሩን ብቻ ነው የሚጠብቀው። 28.2 ሲሰጥ እኩል 14.1 መድረስ ሲገባቸው የተጠጣው 13.2 ላይ ይቀራል፣ ሌላው 15 ይደርሰዋል። 15 ቮልት ውሃ ያፈላል። አንዱ በረሃብ፣ ሌላው በጥጋብ ያልቃሉ። ሞተር እያሠራህ እያንዳንዱን ለብቻው ለካ፣ ከ0.3 ቮልት በላይ ከተራራቁ ይሄው ነው።

መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው፣ ለቴፕና ለቻርጀር ባለ 10 አምፔር ይበቃል። መግቢያው ከሁለቱ ባትሪ ሙሉ 24 ይውሰድ፣ በቁልፍ በሚጠፋ መስመር ላይ ይሁን፤ አለዚያ ኮንቨርተሩ ራሱ ሌሊት ይጠጣል። ከዚያ ሁለቱን ባትሪ ለያይተህ እያንዳንዱን በ12 ቮልት ቻርጀር፣ ባለ 100 ከሆነ በ10 አምፔር፣ ሙሉ አስሞላና መልሰህ እሰር። አንዱ ከሞተ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር። አዲስና አሮጌ ተጣምሮ አዲሱ አይቆይም።

እባክህ ደግሞ ጠዋት በብርድ ሞተር ሥር እሳት የሚያነዱትን አትከተል። ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ የሚተፋው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
ተመለስኩ። ባትሪው ለብቻው 60 ሰዓት ቆሞ 12.7 ከነበረበት 12.6 ሆኖ ነው የተገኘው። ድልድዩን እንዳሉት አስሬ፣ 40 ደቂቃ ጠብቄ ለካሁ፦ 0.53 አምፔር። ፊውዞቹን በሚሊቮልት ሁለቱንም ሳጥን ጨረስኩ። ዶም የሚለው (የውስጥ መብራቱ) 0.2፣ የኮምፒውተሩ 0.1፣ የቀረው ሁሉ 0.0። የዲናሞውን ገመድ ፈትቼ ጠቀለልኩት፣ ያው 0.53። የጓንት ሳጥንና የኋላ ኮፈን መብራት ይጠፋሉ። አሁን የት ልሂድ?

ሽቦ_አንባቢ
ጎበዝ፣ ይሄ ንባብ ጥሩ ነው። በሳጥኖቹ የማያልፍ፣ በዲናሞውም ያልሆነ ግማሽ አምፔር አለህ። ሳጥን ውስጥ ሳይገባ ከባትሪው ቀጥታ የሚወጣ ሽቦ ነው። ፖዘቲቩ ማሰሪያ ላይ ተጎንብሰህ እይ። ፋብሪካው ያሰረው ወፍራም ገመድና አብሮት የመጣው ነው። ከዚያ ውጪ በነቱ ሥር የተጠመጠመ፣ ቀለሙ የተለየ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ካለ እሱ በኋላ የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስንዝር ሳይርቅ የመስታወት ፊውዝ ያለው ጥቁር ክብ ቤት ይኖረዋል። ቴስተሩን እያየህ ያንን ፊውዝ አውጣ።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
ሁለት ሽቦ አለ። አንዱ ቀጭን ቀይ፣ ፊውዙን ሳወጣ ከ0.53 ወደ 0.51 ወረደ። ሁለተኛው ወፍራም ቀይ ነው፣ በግድግዳው ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። እሱን ሳወጣ 0.03 ሆነ። ቀጭኑን መልሼ ወፍራሙን ብቻ አውጥቼ ስለካ 0.05።

ቀይ_ፒንሳ
ቀጭኑ አላርሙ ነው፣ 0.02 ልኩ ነው፣ ተወው። ወፍራሙ አምፕሊፋየር ነው፤ ከወንበር ሥር ወይም ከኋላ ኮፈን ውስጥ ታገኘዋለህ። ፊውዙን መልሰህ ከአንድ ሰዓት በኋላ በመዳፍህ ንካው። ቴፕ ጠፍቶ ለብ ካለ ነቅቶ ነው የሚያድረው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አምፕሊፋየሩ ሦስት የኤሌክትሪክ ጫፍ አለው፦ ፖዘቲቭ፣ ማሳ (የመኪናዋ ብረት ላይ የሚታሰረው ኔጋቲቭ)፣ እና ተነሳ ብሎ የሚያዘው ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ። ሰማያዊው ቴፕ ሲበራ ብቻ 12 ቮልት የሚሰጠው ሰማያዊ በነጭ መስመር ያለው ሽቦ ላይ መታሰር አለበት። ገጣሚው ያንን ካላገኘው ወይም ከቸኮለ ከቢጫው ጋር ያጋባዋል። ቢጫው ሁሌ የባትሪ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፣ ለቴፑ ማስታወሻ። ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው ነው። ቴፑን ከክሩስኮቱ አውጣና ከኋላው ቀለሞቹን እይ። በቀለም ብቻ ደግሞ አትመን፦ ቁልፉን አውጥተህ እያንዳንዱን በቮልት ለካ። ቁልፍ ወጥቶ 12 የሚሰጥ ቢጫው ብቻ መሆን አለበት።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
አምፕሊፋየሩ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው፣ ለብ ይላል። ቴፑን አወጣሁት። ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ተጠምዝዞ በፕላስተር ታስሯል፤ ከቴፑ የሚወጣው ሰማያዊ በነጭ ደግሞ ጫፉ ሳይነካ ተንጠልጥሏል። ቁልፍ ወጥቶ ሰማያዊው ላይ 12.4 ቮልት አለ።

ሽቦ_አንባቢ
ያው ነው። ኔጋቲቩን ፍታ፣ ጥምዝዙን ፍታ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ በነጩ ጋር አገናኝ። ብትችል በቆርቆሮ በይድና ሙቀት የሚያጣብቀውን የላስቲክ ቱቦ አልብሰው፤ ፕላስተር ብቻውን በሙቀት ይላቀቃል፣ የተላቀቀ ቢጫ ሽቦ ክሩስኮት ውስጥ ብረት ከነካ እሳት ነው። ቢጫው የነበረበት ጥምዝዝ ስለላላ እሱንም አድሰው።

የወፍራሙን ሽቦ ፊውዝ ቁጥር ደግሞ እይ። አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ባለ 20 ፊውዝ ካለው ባትሪው አጠገብ ያለውም ከ25 አይብለጥ። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ብር ወይም የመዳብ ክር ከተጠመጠመበት ዛሬውኑ ቀይረው። በግድግዳው የሚያልፍበት ቦታም ጎማ ይኑረው፤ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ይፈገፍገዋል።

ባትሪ_ሮቢት
ባትሪውን በመንዳት ብቻ ልሞላው አትበል። ዲናሞ የሚያስተካክለው የጎደለ ትንሽ ነገር እንጂ ባዶ የወረደ ባትሪ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ከሆነማ በጭራሽ አይሞላም። በቻርጀር፣ ለባለ 45 በ4.5 አምፔር፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት አስሞላው። ክዳን ካለው ክፍት አድርገው፣ ነፋሻ ቦታ። አራት ወር ሙሉ በየሰኞው ስለወረደ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ሰልፌት ጀምሯል፤ ቶሎ ሙሉ ካደረከው አብዛኛው ይመለሳል። ለብቻው 60 ሰዓት 12.6 መያዙ ጥሩ ምልክት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱን እይ፤ ከ9.6 በታች ካልወረደ ሥራው ላይ ነው።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
በይጄ ቱቦ አለበስኩት፣ ፊውዙ 20 ነው፣ ጎማውም አለ። ቻርጅ አድርጌ፣ 40 ደቂቃ ጠብቄ ለካሁ፦ 0.04 አምፔር። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት 12.7 ቮልት ላይ አቁሜያታለሁ፤ ሰኞ እጽፋለሁ።

ደብረብርሃን_ኮሮላ
ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት፣ መስታወቱ ላይ አመዳይ አለ። ከመነሳቷ በፊት 12.6። ሞተሪኖው ሲዞር 10.4። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።